ገላውዴዎስ ማለት «አንካሳ» ነውን? የጥንት ሮማውያንን የወገን ስም ከሥሩ የመመርመር መንገድ

በምኖርበት በጎንደር ከተማ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት የመጨረሻ ልጃቸው ሰኔ 11 ቀን ቢወለድ፣ ዕለቱ የሰማዕቱ የቅዱስ ገላውዴዎስ መታሰቢያ ነውና ልጁን ገላውዴዎስ ብለው ሰየሙት። ልጁ አድጎ አምስተኛ ክፍል ሲደርስ የክፍል ጓደኞቹ የስሙን ፍቺ ከስልክ ላይ ፈልገው «አንካሳ» የሚል ቃል አገኙ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም በዚሁ ቃል ይጠሩት ጀመር። አባትየው ስልኩን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡና፣ «መምህር፣ እስቲ ይህን ተመልከትልኝ፤ የሰማዕት ስም፣ የንጉሥ ስም እንዴት እንዲህ ተብሎ ይፈታል?» አሉኝ።

ስልኩ ላይ የተጻፈው ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ይሁን እንጂ የረጅም መንገድ የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ ቆርጦ ያቀረበ ስለሆነ ከሐሰት ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል። የስም ፍቺ የሚነገረው ስሙ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ከሦስቱ የሮማውያን የስም ክፍሎች የትኛው እንደሆነና ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደተጠራበት ከታወቀ በኋላ ነው። ለእኒያ አባት ያሳየሁትን መንገድ ለሌላውም እንዲጠቅም እዚህ ላይ ዘርዝሬ ጽፌዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከግዕዙ ቅርጽ ወደ ላቲኑ መመለስ

የሮማውያን ስሞች በቀጥታ ከላቲን ወደ እኛ አልመጡም። አብዛኞቹ በመጀመሪያ ወደ ግሪክኛ፣ ከዚያም ወደ ግዕዝ የተሻገሩ ናቸው፤ ስለዚህ በሁለት በር እንዳለፉ ማሰብ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው በር የላቲኑ መጨረሻ «ኡስ» የግሪኩን «ኦስ» ለበሰ። በሁለተኛው በር የግዕዝ ተርጓሚዎች የግሪኩን «ካፓ» በቀ፣ «ታው»ን በጠ፣ «ፒ»ን በጰ ጻፉ። ማርኩስ የነበረው ማርቆስ፣ ፓውሉስ የነበረው ጳውሎስ፣ ኮርኔሊዩስ የነበረው ቆርኔሌዎስ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ ሁልጊዜ አይጸናም፤ ቲቶን የመሰሉ ስሞች ከዚህ ያፈነገጡ ናቸው፤ ሆኖም ከአሥር ስም አብዛኛውን ይመልሳል።

አንድ ወረቀት ወስደው በአራት ዓምድ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ስሙን እኛ እንደምንጽፈው፣ በሁለተኛው ግሪክኛውን፣ በሦስተኛው ላቲኑን ይጻፉ፤ አራተኛውን ለጊዜው ባዶ ይተዉት። ገላውዴዎስን በዚህ ወረቀት ላይ ስናሰፍር በመጀመሪያ የምናየው ስሙ በእኛው መጻሕፍት ውስጥ ሁለት መልክ እንዳለው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ያዘዘው ቄሣር ቀላውዴዎስ ተብሎ ሲጻፍ፣ ሰማዕቱና የእኛው ንጉሥ ግን ገላውዴዎስ ተብለዋል። ስሙ አንድ ነው፤ ግሪክኛው ክላውዲዮስ፣ ላቲኑ ክላውዲዩስ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ የሚሠራ አንድ የታወቀ ስሕተት አለ። የሮማውያን የወገን ስም በአብዛኛው «ኢዩስ» ብሎ ስለሚጨርስ፣ በእኛ ዘንድ በ«ዮስ» ወይም በ«ዎስ» የሚያልቀው ስም ሁሉ ሮማዊ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጢሞቴዎስና ባስልዮስ ግን ንጹሕ የግሪክ ስሞች ናቸው። ጎንደርን የቆረቆሩት የዐፄ ፋሲለደስ ስምም እንዲሁ ንጉሥ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ እንጂ ከሮም ጋር የሚያገናኘው የለም። ስለዚህ መጨረሻው ጥርጣሬን ያነሣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ስሙ ከሦስቱ የትኛው ነው?

አሁን አራተኛውን ዓምድ እንሙላ። በሪፐብሊኩ ዘመን፣ ማለት ሮም በንጉሠ ነገሥት ከመገዛቷ በፊት፣ አንድ የተከበረ ሮማዊ ወንድ በተለምዶ ሦስት ስም ነበረው። የመጀመሪያው ወላጆቹ የሚያወጡለት መጠሪያ ስም ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራባቸው ከ20 ስለማይበልጡ በጽሑፍ ላይ ከአንድ እስከ ሦስት በሚሆኑ ፊደላት ብቻ ይጻፉ ነበር። ሁለተኛው የወገን ስም ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል፣ ሴቶች ልጆችም በአንስታይ ጾታ ይጠሩበታል። የክላውዲዩስ ሴት ልጅ ክላውዲያ ነች፤ ሦስት እኅትማማቾች ቢሆኑም ሦስቱም ክላውዲያ ናቸው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ ሰላምታ ከላኩት መካከል ቅላውዲያ የምትባለው ሴት ይህን ስም የያዘች ናት። ሦስተኛው ከአካል መልክ፣ ከጠባይ፣ ከሥራ ወይም ከድል የሚወጣ ቅጽል ስም ሲሆን፣ በጊዜ ብዛት እርሱም ለልጅ ልጅ ይተላለፍና በአንድ ሰፊ ወገን ውስጥ ያለውን ንዑስ ቤት ለመለየት ያገለግላል።

ለእኛ አንባቢ ይህ ሥርዓት እንግዳ የሚሆነው የወገን ስም ስለሌለን ነው። እኛ በየትውልዱ የሚለወጥ የአባት ስም ነው ያለን፤ ዝምድናን የምናውቀውም ሽማግሌ አስቀምጠን እስከ ሰባት ቤት በመቁጠር ነው። ሮማዊው ግን ቆጠራውን በስሙ ላይ ተሸክሞት ይዞር ነበር። ለቅጽል ስም ግን እኛም ባዳ አይደለንም። የቋራው ካሳ ኃይሉ መይሳው ካሳ ሲባሉ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ ሲባሉ፣ ነግሠው ቴዎድሮስ ሲባሉ እያንዳንዱ ስም የተለየ ሥራ ነበረው። አንዱን በሌላው ቦታ አስገብቶ የሚተረጉም ሰው እንደሚስት ሁሉ፣ የሮማውያኑንም ስሞች ሳይለይ የሚፈታ ይስታል።

ለምሳሌ ቄሣር የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የማዕረግ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ መነሻው ግን ዩሊዩስ የተባለው ወገን የአንድ ንዑስ ቤት ቅጽል ነው። የጋይዩስ ዩሊዩስ ቄሣር የወገን ስም ዩሊዩስ ነው። የንግግር ሊቁ ማርኩስ ቱሊዩስ ኪኬሮም እንዲሁ በሦስተኛው ስሙ ነው የታወቀው፤ ኪኬር ማለት በላቲን ሽምብራ ነው፣ ያው በደንቢያ ሜዳ የሚዘራው ሽምብራ። የኪኬሮን ወገን ስም ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ግን ሽምብራውን ትቶ ቱሊዩስን መመርመር አለበት። ክላውዲዩስ በዚህ መለኪያ ሲታይ ያለ ጥርጥር በሁለተኛው ቦታ የሚቀመጥ የወገን ስም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተጠራበትን መፈለግ

ስለዚህ ስም ከተጻፉት ስሕተቶች ትልቁ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ከ41 እስከ 54 ዓ.ም. የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ክላውዲዩስ እግሩን ያነክስ እንደነበረ የጥንት ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ክላውዱስ ደግሞ በላቲን አንካሳ ማለት ነው። ሁለቱን ያጋጠመ ሰው «ስሙ ከእርሱ አካል የወጣ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወለድ ስሙ በወገኑ ውስጥ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንደነበረው የሮማውያን ትውፊት ይናገራል። ስለዚህ ስሙን ከታወቀው ሰው ሳይሆን ከመጀመሪያው ሰው መያዝ ይገባል፤ ይህን እርምጃ የዘለለ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስ እንደሚተርከው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ504 ገደማ በሮም ሰሜን ምሥራቅ በሚኖሩት በሳቢናውያን ዘንድ ከሮም ጋር ጦርነት ይነሣ ወይስ አይነሣ የሚል ክርክር ሆነ። አቲዩስ ክላውሱስ የተባለ ሰው ሰላምን ደገፈ፤ ነገር ግን ጦርነት ፈላጊዎቹ ስለበረቱበት ብዙ ተከታዮቹን አስከትሎ ወደ ሮም ኮበለለ። ሮማውያንም ዜግነትና ከአኒዮ ወንዝ ማዶ መሬት ሰጧቸው፤ እርሱም በመኳንንቱ መማክርት ውስጥ ገባ፣ ስሙም አፒዩስ ክላውዲዩስ ተባለ። ሌላው ጸሐፊ ስዌቶኒዩስ ወገኑ ሬጊሊ ከምትባል የሳቢናውያን ከተማ መምጣቱን ከጻፈ በኋላ፣ እስከ እርሱ ዘመን ድረስ 28 ጊዜ ቆንስልነትን፣ 5 ጊዜ ዲክታተርነትን፣ 7 ጊዜ ሴንሰርነትን፣ ማለት የሮምን ከፍተኛ ሹመቶች፣ እንዳገኘ ይቆጥራል። ከሮም ወደ ደቡብ የሚወርደውን የአፒያን መንገድ በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስጀመረው አፒዩስ ክላውዲዩስ ከዚሁ ወገን ነው።

ሥሩን ማግኘት፣ ሥሩንም በልክ መያዝ

የቅኔ ተማሪ አንድ ቃል ሲገጥመው ከሁሉ በፊት ግሱን እንደሚፈልግ፣ እዚህም ሥሩን መፈለግ ተገቢ ነው። ከላይ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን ስሙ ወደ ሮም ሲገባ ክላውሱስ የሚል ሳቢናዊ መልክ እንደነበረው ነው። ስለዚህ «ክላውዲዩስ ማለት አንካሳ ማለት ነው» ከማለት ይልቅ፣ «ክላውሱስ የተባለው ሳቢናዊ ስም በላቲን ተናጋሪዎች አፍ ክላውዱስ ከሚለው ቃል ጋር የሚገጥም መልክ ይዞ የወገን ስም ሆነ» ማለት ማስረጃው የሚፈቅደው አነጋገር ነው። ሁለተኛው አነጋገር ይረዝማል፤ ለልጁ ክብርም ሆነ ለእውነቱ የሚስማማው ግን እርሱ ነው።

ድምፁም ይለወጣል። የተራው ሕዝብ አነጋገር «አው»ን ወደ «ኦ» ስለሚያወርድ ክላውዲዩስ የነበረው ክሎዲዩስ ይሆናል። በ58 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሕዝብ ትሪቡን፣ ማለት የተራው ሕዝብ ተጠሪ ሹም፣ የሆነው ፑብሊዩስ ክሎዲዩስ ከዚያው ከመኳንንቱ ወገን ተወልዶ ሳለ የሚታወቀው በዚህ አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ክሎዲዩስንና ክላውዲዩስን በጽሑፍ ላይ ያገኘ ሰው ሁለት ወገን አድርጎ እንዳይቆጥር።

ከሥሩ ቀጥሎ ቅጽሎቹን መመልከት የወገኑን ባሕርይ ያሳያል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ክፍል ይህ ነው። የአፒያን መንገድ ያስጀመረው ሰው ኬኩስ፣ ማለት ዕውር፣ የሚል ቅጽል አለው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ፑልኬር፣ ማለት መልከ መልካም፣ ተብለዋል። ሌላው ቤት ኔሮ ይባላል፤ ስዌቶኒዩስ ይህ ቃል በሳቢናውያን ቋንቋ ብርቱና ትጉ ማለት እንደሆነ ይናገራል። በአንድ ወገን ውስጥ ዕውርም መልከ መልካምም ብርቱም ይገኛሉ፤ ሮማውያን የአካልን ነገር በስም ላይ ማኖርን እንደ ነውር አይቆጥሩትም ነበር። ነውር የሚሉት ሌላ ነው። ከዚህ ወገን ሉኪዩስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንዱ በሽፍትነት፣ ሌላው በነፍስ ግድያ ስለተፈረደባቸው፣ ወገኑ ሉኪዩስ የሚለውን መጠሪያ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ላለማውጣት እንደወሰነ እዚያው ተጽፏል። ወገኑ ያፈረው በስሙ ፍቺ ሳይሆን ስሙን በያዙት ሰዎች ሥራ ነበር።

የመዝገበ ቃላት ፍቺና የስያሜ ፍቺ የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ለእኒያ አባት ካሳ የሚለውን ስም አነሣሁላቸው። ካሳ በፍርድ ቤት ለጉዳት የሚከፈል ነው። ልጁን ካሳ የሚል እናት ግን ፈጣሪ ለሞተባት ወይም ለደረሰባት ኀዘን ምትክ ሰጠኝ ማለቷ ነው፤ ስለ ፍርድ ቤት አታስብም። ቃሉን ብቻ የሚያውቅ የውጭ አገር ሰው መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ቢፈታው የእናቲቱን ልብ ያጣዋል። ገላውዴዎስም ወደ እኛ የመጣው በላቲን ፍቺው አይደለም። የመጣው በፈረስ ተቀምጦ ከፊሉ ሰው ከፊሉ አውሬ የሆነውን ፍጡር በጦር ሲወጋ በአብያተ ክርስቲያናት በሚሣለው ሰማዕት ነው። ከ1540 እስከ 1559 የነገሡትና በ1543 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ አሕመድን ድል ያደረጉት ዐፄ ገላውዴዎስም የተጠሩበት በዚሁ በሰማዕቱ ስም ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ ጰንጤናዊው ጲላጦስ

መንገዱን ለመፈተን ከዚህ ስም የበለጠ የለም፤ በጸሎተ ሃይማኖት «በመዋዕለ ጲላጦስ ጰንጤናዊ» እያልን ዘወትር እንጠራዋለንና። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ «ጰንጤናዊ» ሲባል ጎንደሬ፣ ጎጃሜ እንደማለት የሀገር ስም ይመስለኝ ነበር፤ ካደግሁም በኋላ በሐዋርያት ሥራ ከተጠቀሰው ከጳንጦስ ሀገር የመጣ ሰው ነው ብዬ ለሌሎች አስተምሬያለሁ። ስሕተት ነበር። መጨረሻው «ናዊ» መሆኑ የእኛ አጻጻፍ ነው፤ ግሪክኛው ወንጌል ፖንቲዮስ ይላል፤ ላቲኑ ፖንቲዩስ ነው፤ በሁለተኛው ቦታ የሚቀመጥ የወገን ስም።

በ1961 በቂሣርያ በጥንቱ የትያትር ቤት ፍርስራሽ ውስጥ የጣሊያን የቁፋሮ ባለሙያዎች አንድ የኖራ ድንጋይ አገኙ። ድንጋዩ በኋላ ዘመን ለደረጃ ሥራ ስለዋለ ግራው ተጎድቷል። በሁለተኛው መስመር ላይ የሚነበበው የወገን ስሙ መጨረሻና «ጲላቱስ» የሚለው ብቻ ነው፤ መጠሪያ ስሙ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ ከወገን ስሙም የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ተሰብረዋል። የተሰበረውን የሞላልን ወንጌል ነው፤ ወንጌል የሚተርከውን ሰው በድንጋይ ላይ የሚያሳየን ደግሞ ይህ ጽሑፍ ነው። የቀሩትን ፊደላት ከጠፉት ለይቶ ማንበብ የዚህ ሥራ ዋነኛ ጥንቃቄ ነው፤ የተሞላውን እንደተነበበ አድርጎ መጥቀስ አይገባም።

ፍቺውስ? ላቲን የሚያውቅ ሰው ቶሎ ብሎ ፖንስ፣ ማለት ድልድይ፣ ወይም ፖንቱስ፣ ማለት ባሕር፣ ይላል። እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያውን ሰው መፈለግ የሚጠቅመው። በ321 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮማን ሠራዊት በካውዲየም ሸለቆ ከብቦ ያለ ጦርነት እጅ ያሰጠው የሳምናውያን አዝማች ጋይዩስ ፖንቲዩስ ይባላል። እንግዲህ ስሙ የሳምናውያን ከሆነ፣ መፈታት ያለበት በላቲን ሳይሆን እነርሱ በሚናገሩት በኦስካን ቋንቋ ነው። ኦስካን ላቲን «ክው» የሚልበትን ቦታ «ፕ» ይላል፤ «ማን» ለማለት ላቲኑ ክዊስ ሲል ኦስካኑ ፒስ ይላል፤ አምስትን ላቲኑ ክዊንክዌ ሲል ኦስካኑ ፖምፔ ይላል። ስለዚህ ፖንቲዩስ ማለት «የአምስተኛው ወገን» ማለት ነው፤ በላቲን ክዊንቱስ፣ ማለት አምስተኛ፣ ከሚለው መጠሪያ የወጣው ክዊንክቲዩስ የተባለው የወገን ስም እኅቱ ነው። በሮም ብዙ የወገን ስሞች የተገኙት በዚሁ መንገድ፣ ከአንድ አያት መጠሪያ ነው፤ ከማርኩስ ማርኪዩስ፣ ከሴክስቱስ ሴክስቲዩስ ወጥቷል።

ስም አንድ መሆኑ ደም አንድ መሆኑን አያሳይም

የወገን ስም ያገኘ ሁሉ ከወገኑ አልተወለደም። ነጻ የወጣ ባሪያ የጌታውን፣ ዜግነት የተሰጠው የባዕድ ሰው የሰጪውን የወገን ስም ይይዝ ነበር። ጸሐፊው አፒያን እንደሚለው አምባገነኑ ሱላ ከ10,000 የሚበልጡ ባሪያዎችን ነጻ አውጥቶ በወገን ስሙ ኮርኔሊዩስ አሰኝቷቸዋል። የሐዋርያት ሥራም ይህንኑ በቅርብ ያሳያል፦ ጳውሎስን በኢየሩሳሌም የያዘው ሻለቃ ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ራሱ ይናገራል፤ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ደግሞ ስሙ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ነው። ሉስዮስ ግሪካዊ የትውልድ ስሙ ነው፤ ቀላውዴዎስ የሚለው ከዜግነቱ ጋር የተጨመረለት መሆኑን ከዘመኑ መረዳት ይቻላል። በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነጻ ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሲሰጥ፣ ከግብፅ እስከ ሶርያ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድ ጊዜ አውሬሊዩስ የሚል የወገን ስም ያዘ። ከዚያ ዘመን በኋላ አውሬሊዩስ የሚለው ስም ስለ ሰውዬው ትውልድ የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ አሳጥሬ ጻፍኩለት፤ እርሱም ለመምህሩ አሳይቶ በክፍል ፊት እንዲያነበው ተፈቀደለት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቤቴ በኩል አልፎ፣ «ጋሼ፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የነገሡት ዐፄ ዮስጦስስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱን አውጥተን በአራት ከፈልነው። ግሪክኛው ዮስቶስ፣ ላቲኑ ዩስቱስ መሆኑን ራሱ ደረሰበት። ከ«ኡስ» በፊት «ኢ» ስለሌለ የወገን ስም እንዳልሆነ ጠረጠረና አራተኛው ዓምድ ላይ «ቅጽል» ብሎ ጻፈ። ፍቺውን እኔ ነገርኩት፦ ጻድቅ፣ ፍትሐዊ። ከ1711 እስከ 1716 በዚህች ከተማ የነገሡት ንጉሥ የተጠሩበት ስም ይህ ነው።